የፊደል ኮድ ጥያቄ እንዴት ይሰራል?

የ12ኛ ክፍል አፕቲትዩድ የተፈተነ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፦ «ይህ ቃል በኮድ እንዲህ ከተጻፈ፣ ያኛው እንዴት ይጻፋል?» አንዳንድ የሥራ ቅጥር ፈተና ላይም ይመጣል። ብዙ ሰው ፊደሎቹ ላይ ያፈጣል። ማፍጠጥ ግን ጊዜ ከመብላት በቀር ምንም አይሰራም። ፊደሉን ቁጥር አድርጉት።

መጀመሪያ ጥግ ላይ ከኤ እስከ ዜድ ጻፉና ከ1 እስከ 26 ቁጥር ስጡ። ጊዜ ካጠረ አምስቱን ብቻ በቃል ያዙ፦ ኢ 5፣ ጄ 10፣ ኦ 15፣ ቲ 20፣ ዋይ 25። ኪው ስንተኛ ነው? ከኦ ሁለት ወደፊት፣ 17።

አሁን እንስራ። «ባስ» በእንግሊዝኛ ቢ፣ ዩ፣ ኤስ ነው። ኮዱ ዲ፣ ደብሊው፣ ዩ ቢሆን «ታክሲ» ምን ይሆናል? ቃሉን በቁጥር ጻፉ፦ 2፣ 21፣ 19። ኮዱን ከሥሩ አድርጉ፦ 4፣ 23፣ 21። ሁሉም ጋ 2 ተጨምሯል። የታክሲ ፊደሎች ቲ፣ ኤ፣ ኤክስ፣ አይ ናቸው፦ 20፣ 1፣ 24፣ 9። 2 ሲጨመርባቸው 22፣ 3፣ 26፣ 11። መልሱ ቪ፣ ሲ፣ ዜድ፣ ኬ።

ድምሩ ከ26 ካለፈ 26 ቀንሱለት። ዋይ ላይ 2 ሲደመር 27 ነው፤ 26 ሲቀነስ 1፣ ማለትም ኤ።

እኔን ደጋግሞ የሸወደኝ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አይቶ መሮጥ ነው። «ዝናብ» አር፣ ኤ፣ አይ፣ ኤን፤ ኮዱ ኤስ፣ ሲ፣ ኤል፣ አር። ከአር ወደ ኤስ 1 ነው ብላችሁ ሁሉም ላይ 1 ከጨመራችሁ አለቀላችሁ። ጭማሪው 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ነው የሚሄደው። ጥያቄ አውጪውም ይህን ስህተት ስለሚጠብቅ ምርጫዎቹ ውስጥ ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ፊደል አረጋግጡ።

ልዩነቱ መልክ አልይዝ ካለ ደግሞ ደምሩ። «ወተት» ኤም፣ አይ፣ ኤል፣ ኬ፤ ኮዱ ኤን፣ አር፣ ኦ፣ ፒ። 13 እና 14፣ 9 እና 18፣ 12 እና 15፣ 11 እና 16፤ ሁሉም 27። ፊደሎቹ ከኋላ ተቆጥረዋል ማለት ነው፤ ኤ በዜድ፣ ቢ በዋይ። አዲሱን ቃል ከ27 እየቀነሳችሁ ትጽፋላችሁ። ይህም ካልሰራ ቃሉን ከኋላ ወደፊት ገልብጣችሁ እንደገና አስተያዩ።

ሕጉ ከተገኘ በኋላ ቃሉን ሙሉ መሥራት የግድ አይደለም። የመጨረሻውን ፊደል ብቻ አውጡና የማይመሳሰሉትን ምርጫዎች ሰርዙ። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው አንድ ነው፤ ሁለት ከቀሩ አንድ ፊደል ጨምሩ።