ሰው ከእንስሳ በምን ይለያል? ልጆችን ጭላዳ ፊት አስቀምጦ ማስተማር

ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው። ይህን የምጽፈው ለመምህራንና ለወላጆች ነው።

«ሰው ከሌሎች እንስሳት በምን ይለያል?» ብላችሁ ክፍል ውስጥ ብትጠይቁ መልሱ ቶሎ ይመጣል። «ሰው ያስባል፤ እንስሳ አያስብም።» ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፣ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ትልቅ ጥያቄ በአንድ መስመር ሲያልቅ ያሳዝነኛል። የሰሜን ሸዋ ልጅ ደግሞ ሌላው የሌለው ዕድል አለው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ጭላዳ ዝንጀሮ ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ይዛችሁ ወደ ገደሉ ውጡ።

ለደብረ ብርሃን ሰው ቅርቡ ጣርማ በር ነው። የምኒልክ መስኮት በሚባለው የገደል ጫፍ አካባቢ ጭላዳ ይገኛል። የአንኮበር መንገድም ጥሩ ነው። ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ከተገኘ ግን መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳ ደጋ ምረጡ። በመሐል ሜዳ መንገድ ነው የሚኬደው። ለምን ጓሳ እንዳልኩ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ ስለሆነ ለልጆቹ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት አይቅርባቸው። ክረምት አትሂዱ፤ ጉሙ ሁሉን ይሸፍነዋል። ጥቅምትና ኅዳር ደስ ይላሉ።

በጠዋት ድረሱ። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል። ግጦሽ ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፣ አንዱ የሌላውን ጠጉር ይለቃቅማል፣ ግልገሎቹ ይጫወታሉ። ብዙ ነገር የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው።

ሁለት ነገሮች ላይ ቆፍጠን በሉ። አንደኛ፣ ቆሎም ዳቦም ከመኪና አይውጣ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ኋላ የገበሬውን ማሳ ይዳፈራል፤ ዱላው የሚያርፈው ደግሞ በእሱ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በጭላዳውና በገደሉ መካከል ማንም አይቁም። ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ነው። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ «ራቁ» ማለቱ ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ላይ «ሰው ብቻ...» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። አታርሙ፣ አትርዱ። ወረቀቱን ኪሱ ይክተት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ይመሳሰላል፦ በእጁ ይሠራል፣ መሣሪያ ይጠቀማል፣ ቤተሰብ አለው፣ ይነጋገራል፣ ያዝናል፣ ነፍስ አለው። ሜዳው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ይዩ። ከዚያ ወረቀቱ ይውጣ። አሁን ያዩት ነገር የትኛውን መስመር እንደሚሰርዝ ራሳቸው ይወስኑ።

በእጅ ጀምሩ። ጭላዳ ኑሮው ሣር ነው። ተቀምጦ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ሣሩን እየመረጠ ይነቅላል፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ሳይነሳ በቂጡ እየተንሸራተተ ወደሚቀጥለው ሣር ያልፋል። ልጆቹም አጠገባቸው ካለው ሣር እንደ እሱ በሁለት ጣት ለአምስት ደቂቃ ይልቀሙ። እጃቸው ይደክማል፤ የጭላዳው አይደክምም። «በእጁ ይሠራል» የሚለውን ያኔ ራሳቸው ይሰርዙታል።

መሣሪያ የሚለውን ለመሰረዝ ከሰሜን ሸዋ መውጣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1960 የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል ታንዛንያ ውስጥ ጎምቤ በሚባለው ቦታ ቺምፓንዚ ቀጭን እንጨት ወደ ምስጥ ኩይሳ እየከተተ ምስጥ ሲያወጣ አየች። ቅጠሉንም ገንጥሎ እንጨቱን ለሥራው ያዘጋጀው ነበር። እስከዚያ ድረስ ብዙ ምሁራን ሰውን «መሣሪያ የሚሠራ ፍጡር» እያሉ ይለዩት ነበር። ይህን እዚያው ንገሯቸው፣ እለፉ።

ቤተሰቡን ለማየት አንድ ወንድ ምረጡና ተከተሉት። ጎፈሩ ትልቅ ነው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ሌጣ ቆዳ አለው። ዙሪያውን ያሉት ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ የሚዛመዱ ናቸው። ቤተሰብ የሌላቸው ጎረምሶች ለብቻቸው ቡድን ሠርተው ይዞራሉ። ብዙ ቤተሰብ አንድ ላይ ሲግጥ መንጋው በመቶዎች ይቆጠራል። ይህም መስመር ተሰረዘ።

ድምፅ ላይ ጊዜ ስጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይስሙ። ሲጣላ የሚያሰማው ሌላ፣ ሲፋቀር የሚያሰማው ሌላ ነው። ወንዱ ከንፈሩን እያርገበገበ የሚያወጣው አንድ ድምፅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የዚህ ድምፅ ምት ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ፀጥ ይላሉ። «ይነጋገራል» የሚለውን ግን ገና አታሰርዙ፤ ጥያቄ ምልክት ያድርጉበት።

ሐዘን ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። ጓሳ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሞተ ግልገላቸውን ተሸክመው የሚዞሩ እናቶችን መዝግበዋል። አንዷ ቢያንስ 48 ቀን ተሸክማዋለች። ልጆቹ ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ በኩል «ያየነው»፣ በሌላው «የገመትነው» ይበሉ። መሸከሟ የታየ ነው። ሐዘን የሚለው ቃል ግምት ነው፤ ለእኔ ግን ቀላል ግምት አይደለም። ይህን መለየት የለመደ ልጅ በሌላው ትምህርትም ይጠቀምበታል።

«ነፍስ አለው» የሚለውን እኔ አላሰርዝም። ከዚህ ሜዳ ላይ በዓይን የሚፈተን ነገር አይደለም። ለአባቶችና ለቤተሰብ የሚቀርብ ጥያቄ ነው ብዬ በክብር አስቀምጠዋለሁ። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ይሻላል፤ ልጁ ከእምነቱና ከትምህርቱ አንዱን ምረጥ የተባለ እንዳይመስለው።

አሁን ወረቀቱ ሊያልቅ ነው፣ አንዳንዱ ልጅም ቅር ይለዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ዋናው ትምህርት ነው። ሳትናገሩ ጣታችሁን ወደ ሰማይ ቀስሩ። ልጆቹ ሁሉ ቀና ይላሉ። ከዚያ «አንዱ ጭላዳ ለሌላው እንዲህ ሲጠቁም አይታችኋል?» በሏቸው። ያስታውሱ። ቤት ያለ የዓመት ሕፃን ውሻ ሲያይ ጣቱን ይቀስራል፣ ከዚያ ዞሮ እናቱን ያያታል። ውሻውን ስጪኝ ማለቱ አይደለም። አብረን እንየው ነው የሚለው።

ቀጥለው እናትና ግልገል ይምረጡ። ግልገሉ እናቱ አጠገብ ሆኖ እያየ ሣር መልቀም ይጀምራል። እሷ ግን እጁን ይዛ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» አትልም። መንዝ ውስጥ ፈትል የተማረች ሴት ሁሉ እንዝርት ስትይዝ እጇን ያቀናላት ሰው አላት። ያም ሰው ከሌላ ሰው ነው የተማረው። ሰው የተማረውን ጨምሮበት ያስተላልፋል፤ ቀጣዩም ከዚያ ይጀምራል።

ጓሳን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከፊታችሁ ያለው ረጅም ሣር ጓሳ ይባላል፤ ቦታው ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። የአያቴ ቤት ክዳን ጓሳ ነበር። ገመዱም፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳም ከእሱ ይሠራ ነበር። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ይህን ደጋ የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ በራሱ ደንብ መልሶ ያዘው፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ነው። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚህ የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ልጆቹን ጠይቁ፦ ጭላዳውም ሣር ያያል፣ ሰውም ሣር ያያል። ሰውየው ክዳኑ እያፈሰሰ፣ ከብቱ እየራበው፣ ለምን ሳያጭድ ሦስት ዓመት ቆየ? መልሱን አትንገሯቸው፤ ይከራከሩ። «ስለሚቀጣ ነው» የሚል አይጠፋም። «ቅጣቱን ማን አወጣው? እሱ ሲያወጣው ሣሩ በቅሎ ነበር?» በሉት። ቀስ በቀስ እዚያ ይደርሳሉ። ሰዎቹ ገና ስላልበቀለ ሣር ተነጋግረዋል። ገና ላልተወለደ ልጅ ብለው ራሳቸውን ከልክለዋል። ጥያቄ ምልክት ወዳደረጉበት «ይነጋገራል» ያኔ ተመለሱ። ጭላዳ ድምፅ አለው። ሰው ግን በሌለ ነገር ላይ ይስማማል፣ የተስማማበትንም ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ሌሎች ይጠብቁታል። እኔ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይሄ ነው።

አንድ ብሩህ ልጅ «ታዲያ አዋጁን ያወጣውም ሰው አይደል?» ይላል። ልክ ነው በሉት። የሚያፈርሰውም መልሶ የሚያቆመውም ሰው ነው። ጭላዳ ደንብ አላፈረሰም፤ ለዚህም አይወቀስም።

ጊዜ ከተረፈ አጥንቶቹን ጨምሩ። ሉሲ ሐዳር ላይ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፣ የአንጎሏ መጠን ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። መራመዱ ቀደመ፣ ትልቁ አንጎል ከብዙ ዘመን በኋላ መጣ። አዲስ አበባ የሚሄድ ልጅ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ይየው።

የቤት ሥራው እንዲህ ይሁን። እያንዳንዱ ልጅ ሰፈሩ ካሉ ሽማግሌዎች ወይም አሮጊቶች አንዱን ይጠይቅ፦ «ድሮ ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚያከብረው ደንብ ምን ነበር? ለማን ተብሎ?» የምንጭ ውኃ ተራ ሊሆን ይችላል፣ የተከለለ ግጦሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጽድ። ያገኘውን ከዚያ በተሰረዘው ወረቀት ጀርባ ይጻፍ። ስታርሙ ቁጥር ስጡ፤ ከፍ ያለውን ግን «ለማን ተብሎ» የሚለውን በደንብ ጠይቆ ለመጣው ስጡ።