አሮጌ የዘፈን ሸክላ ገዝቶ መሸጥ፦ ከሕርማታዋ ሱቄ

ይህን ንግድ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሁሉ «ማን ይገዛልሻል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ገዢ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሸክላው ነው። የአገራችን ዘፈን በሸክላ መውጣቱን ያቆመው ካሴት ገበያውን ሲወስደው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ውጭ አገር እንደገና ከሚታተመው በቀር ያለው በሰው ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይና አልጋ ሥር የተረሳው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሸጥ በፊት መግዛት ተማሩ።

ሱቄ ጅማ ሕርማታ ገበያ አጠገብ ናት። አባቴ ካሴት ይሸጥባት ነበር። ካሴቱ ሲሞት እኔ ወደ ኋላ ተመልሼ ሸክላ ደረደርኩባት፤ «ሰው ወደ ፍላሽ ሲሄድ እሷ ወደ ግራማፎን» ተብሎ ብዙ ተሳቀብኝ።

እዚህ አገር ብር የሚንቀሳቀሰው ከቡና ጋር ነው። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ፣ ሰው ለራሱ ነገር ይገዛል። ነሐሴና ጳጉሜ ላይ ግን ኪስ ይደርቃል፤ የልጆች ምዝገባ አለ፣ ደብተር አለ፣ በዓል አለ። ያኔ ነው ከቤት ዕቃ የሚወጣው። ዓመቱን ሙሉ የማጠራቅማትን ይዤ የምገዛው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ሰው ቸግሮታል ብላችሁ ግን ዋጋ አትስበሩበት። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጳጉሜ ላይ ያደረጋችሁት መስከረም ሳይጠባ ይሰማል።

ሰው ቤት ስትጠሩ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻ ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም የቤቱ ማጫወቻ ከሞተ ቆይቷል። ዓምና እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ ሰፈር አንድ አዛውንት ቤት ሄድኩ። ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ፤ ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለሉ 23 ትንንሽ ሸክላዎች። ዋጋ ልጀምር ስል፣ «ልጄ፣ ዋጋው ይደርሳል፤ መጀመሪያ አንዷን አጫውቺልኝ» አሉኝ። ራሳቸው የመረጧትን አስቀመጥኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ መርፌው አንዲት ቃል ይዞ ቀረ፤ ያችኑ ይደግማል፣ ይደግማል። እኔ ሐፍረት ያዘኝ፣ እሳቸው ግን በሳቅ ፈረሱ። «እዚህ ላይ እኮ ድሮም ትደግም ነበር! ሠርጌ ዕለት ነው የተጫረችው።» እሷን አስቀርተው 22ቱን ሸጡልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሻጩ አጠገቤ ተቀምጦ ሳይሰማ አንድም ሸክላ አልገዛም። እንከኑን አብረን ስለምንሰማው ክርክር የለም። ካልሰማችሁ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ሸክላውን ወደ መስኮት ይዛችሁ በሰያፍ እዩት። በጥፍር ሲነካ የሚሰማ ጭረት መርፌውንም ያገኘዋል፤ ፀጉር የመሰለው ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ጭረት ሳይኖረው አመድማ መስሎ ብርሃኑ የጠፋው ግን አደገኛ ነው፤ በከባድና ባረጀ መርፌ ተበልቷል፣ ምንም ብታጥቡት አይመለስም።

ውጭ አገር ደረጃ መስጫ ፊደላት አሏቸው። እኔ የሸክላው ፖስታ ላይ በእርሳስ የምጽፈው በራሳችን ቋንቋ ነው፦ «ንጹህ»፣ «ቆሎ ይቆላል»፣ «ይዘላል»፣ «ይደግማል»። ቆሎ የሚቆላ ሸክላ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ዋጋን በተመለከተ፣ ገዢው በስልክ እየጠበቀኝ ከሆነ የምሸጥበትን ግማሽ እከፍላለሁ፤ መደርደሪያ ላይ የሚከርም ከሆነ ሲሶውን።

አንድ ነገር ዋጋ አስከፍሎኛል። አንድ ወጣት የሟች አባቱን ሸክላዎች አምጥቶ ሸጠልኝ። በሳምንቱ ታላቅ እህቱ መጣች፤ አልተቆጣችም፣ መደርደሪያው ፊት ቆማ የአባቷን የእጅ ጽሕፈት እየፈለገች ታለቅሳለች። ሁለቱ ተሸጠዋል። የቀሩትን በገዛሁበት ዋጋ መለስኩላት። አሁን የውርስ ዕቃ ከሆነ «ከወንድም እህቶችህ ጋር ተነጋግራችኋል?» እላለሁ፣ የሻጩን ስምና ስልክ በደብተር እይዛለሁ፣ ዕቃውንም ሁለት ሳምንት ጓዳ አሳድረዋለሁ። ፖስታ ላይ የተጻፈ ስምና መታሰቢያ ደግሞ በፍጹም አትፋቁ።

የምትገዙትን እወቁ። አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር ሸክላ የማሳተም ፈቃድ የነበረው አገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳተመ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45፣ ማለትም በደቂቃ 45 የሚዞር ትንሽ ሸክላ አወጣ። ፊሊፕስና ካይፋ በብዛት የምታገኟቸው ሌሎቹ ሁለት አሳታሚዎች ናቸው። የአሊ ቢራ ሸክላ ከተገኘ እዚህ ጅማ አንድ ቀን አያድርም፤ ስለዚህ ደውሉልኝ።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ስለሆነ «የልጃችንን ሸክላ አምጪ» የሚለኝ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ የወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን «ዋናው ነው» ብሎ ይዞልኝ የመጣ ሰው ነበር። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ባርኮድ አለበት። በዚያ ዘመን ሸክላ ላይ ባርኮድ አልነበረም፤ ባርኮድ ካለው እንደገና የታተመ ነው። መጥፎ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም፣ እንዲያውም ድምፁ የጠራ ነበር፤ ግን የዋናው ዋጋ አይከፈልበትም።

እጥበት ቀላል ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ። ነጠላው ባረጀ ቁጥር ይለሰልሳል። መስመሩን ተከትላችሁ ዙሩ እንጂ አቋርጣችሁ አትሹት፤ መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት ውሃ አይንካው። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ስለሚተው ማለቅለቂያው የተጣራ ውሃ ይሁን፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ይሆናል። ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ሁለቴ ጠይቁ። አልኮልን በተመለከተ፣ በደቂቃ 78 የሚዞሩት ወፍራሞቹና እንደ ሳህን የሚሰበሩት የድሮ ሸክላዎች ሙጫቸው በአልኮል ይሟሟል። ይህን ያወቅኩት አንዱን በጥጥ ጠርጌ፣ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ «ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው!» ብዬ ከተደሰትኩ በኋላ ነው። ቆሻሻ አልነበረም፤ ዘፈኑ ነበር።

የጅማ ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ክረምቱ ይረዝማል፣ ግድግዳ ያልባል፣ ፖስታ ይሻግታል። መደርደሪያ በጠራቢ ስታሠሩ እንጨቱ የደረቀ መሆኑን አረጋግጡ፤ እርጥብ ጣውላ ራሱ ሻጋታ ያመጣል። የትልቁ ሸክላ ክፍል ከፍታው 33 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ አካፋይ ይግባበት፣ ታችኛው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ጀርባው ግድግዳ አይንካ። የእኔ ጠራቢ ለብርጭቆ መደርደሪያ መስሎት ቀጭን ጣውላ አምጥቶ ነበር። መቶ ትልልቅ ሸክላ ሩብ ኩንታል ያህል ይመዝናል። ሸክላ ይቆማል እንጂ አይተኛም፣ አይንጋደድምም፤ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ በአንድ ከሰዓት እንደ እንጀራ ጠርዝ ይታጠፋል።

«ወደ ፍላሽ ገልብጪልኝ» የሚሉኝ አሉ። አልገለብጥም፤ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፣ የዘፋኙ ልጆችም አሉ። ለካፌ ግድግዳ ማስጌጫ የሚፈልጉም ይመጣሉ፤ ለእነሱ የምሸጠው ተበልቶ ያለቀውን ነው። በደህና ሸክላ ላይ ሚስማር የሚመታ ሰው ከሱቄ ደህናውን አይወስድም።

የመጨረሻው ጣጣ የገዢው ማጫወቻ ነው። አንድ መምህር ንጹህ ብዬ የሸጥኩለትን የጥላሁን ገሠሠ ሸክላ ይዞ ተመለሰና «የሸጥሽልኝ ጥላሁን ታሟል» አለኝ። ሱቅ ውስጥ አጫወትኩት፤ ደህና ነው። ቤቱ ሄድን። እዚያ ግን እውነትም ታሟል፤ ድምፁ ወፍሮ፣ ከበሮው እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ማጫወቻውን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ፦ 110 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። እህቱ ከአሜሪካ የላከችለት ነው። ትራንስፎርመር ገዝቶለታል፤ ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን፣ መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ አይቀይርም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው፣ ፍጥነቱን ከኸርዙ የሚወስድ ሞተር በደቂቃ 45 መዞር ሲገባው 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። የዲሲ ሞተር፣ ማለትም እንደ ባትሪ ባለ ኤሌክትሪክ የሚዞር፣ ያላቸው ይህ ችግር የለባቸውም። አሁን ሸክላ ከመሸጤ በፊት አዲስ ደንበኛን የማጫወቻውን ጀርባ በስልኩ ፎቶ አንስቶ እንዲያመጣልኝ እጠይቃለሁ።