የቲማቲም ቅጠል ሲጠቀለል መጀመሪያ ገልብጡት

በረንዳ ላይ በባልዲ ቲማቲም የተከላችሁ፣ ቅጠሉ መጠቅለል ሲጀምር መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ። ገልብጣችሁ እዩት። ጉዱ ከቅጠሉ ሥር ሊሆን ይችላል።

ግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) መኖሩን ጠርጥሩ። ጉንዳኖቹ የሚመጡት ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልሱ ነው። ተክሉን ነካ ስታደርጉት ብን ብሎ የሚነሳ ነጭ ነገር ካለ ደግሞ ነጭ ዝንብ ነው።

ለሁለቱም አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ። የዱቄት ሳሙናና በረኪና ግን አይሆንም፣ ቅጠሉን ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና በማግስቱ ደህና ከሆነ ሌላውንም ርጩ። ሳሙናው የሚሠራው ነፍሳቱን ሲነካ ብቻ ስለሆነ ከሥር በኩል በደንብ ይራስ። ፀሐይ ሳለ አትርጩ፤ እኔ አመሻሽ ላይ ረጭቼ ጠዋት በንጹሕ ውሃ አጥበዋለሁ። እንቁላሉ ስለሚተርፍ ከአምስት ቀን በኋላ ድገሙት።

ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ ተዉአት። ክሽክሽ በሊታ ናት!

ቅጠሉ ላይ እንደ ስስ ወረቀት የነጣ ጠባሳ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ብርሃን ስታነሱት ውስጡ ትንሽ ትል ከታየች ቱታ አብሶሉታ ልትሆን ትችላለች። የደቡብ አሜሪካ ተባይ ናት፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጠሉ ውስጥ ስለተደበቀች ሳሙና አያገኛትም። የተጠቃውን ቅጠልና የተበሳውን ፍሬ ቆርጣችሁ ፌስታል ውስጥ እሰሩና ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ አቆዩት። ባልዲው ሥር መጣል የለም።