«ቲቸር፣ ምን ሥሩ ነው ያሉት?» መመሪያ ሲከሽፍ ችግሩና መፍትሄው

መመሪያ ሰጥተን ክፍሉ ሲተራመስ ቶሎ የሚመጣብን «እነዚህ ልጆች አይሰሙም» የሚል ሐሳብ ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን መጀመሪያ የምመረምረው መመሪያውን ነው። ወደ ተማሪው የምሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ምልክት፦ ተናግራችሁ ሳትጨርሱ «ምን ሥሩ ነው ያሉት?» ይላሉ

አንዱ መንስኤ ደብተር እያወጡ፣ ወንበር እየጎተቱ ሳሉ መናገራችን ነው። ሌላው ብዛት ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲሰማ በአንድ ጊዜ በጭንቅላቱ ይዞ ሊሠራበት የሚችለው አራት ገደማ ነገር ነው። ልጆች ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስድስት እርምጃ በአንድ ትንፋሽ ከተናገርን የመጨረሻው ሲገባ የመጀመሪያው ይወጣል።

ጸጥ እስኪሉ ጠብቁ። ከሦስት እርምጃ በላይ ከሆነ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። «መጀመሪያ የምትሠሩት ምንድን ነው?» በሉና ሦስት ሰከንድ ያህል ታገሱ። ክፍል ፊት ለቆመ ሰው ሦስት ሰከንድ ረጅም ነው፤ ቢሆንም ታገሱ።

ምልክት፦ ተማሪው የጻፈው መመሪያ እርምጃ ይዘላል

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። መንስኤው ስንፍና አይደለም። የምናውቀውን ነገር በማያውቀው ሰው ዓይን ማየት ስለሚከብደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል ተመራማሪ ሰዎች የታወቁ ዘፈኖችን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው እንዲያንኳኩ፣ ሌሎች ደግሞ ሰምተው ዘፈኑን እንዲለዩ አደረገች። አንኳኪዎቹ አድማጮች ግማሹን ያህል ያውቁታል ብለው ገመቱ። ከ120 ዘፈን የታወቀው ግን 3 ብቻ ነበር። አንኳኪው ዜማውን በውስጡ ይሰማዋል፤ አድማጩ ጋ የሚደርሰው ኳ፣ ኳ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪውን «ግልጽ አድርገህ ጻፍ» ማለት ብዙ አይጠቅመውም። ለእሱማ ግልጽ ነው። የሚጠቅመው የሌላ ሰው እጅ ነው። ወረቀት ታጥፎ እንዴት ጀልባ እንደሚሆን ይጻፍ። ጓደኛው የተጻፈውን ብቻ ይሥራ። ጸሐፊው አጠገቡ ይቀመጥ፤ መናገርም በጣት መጠቆምም ክልክል ነው።

አንዲት ተማሪዬ «ወረቀቱን ለሁለት እጠፍ» ብላ ጀመረች። ጓደኛዋ በቁመቱ አጠፈው። እሷ ያሰበችው በወርዱ ነበር። አፏን በእጇ ይዛ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። ቀጥሎ «ማዕዘኖቹን ወደ መሃል አምጣ» ይላል። አራቱንም አመጣቸው። ጀልባው ቀርቶ በሁለት በኩል የሾለ ጠባብ ነገር ወጣ። ልጅቷ ወረቀቷን ሳብ አድርጋ፣ ማንም ሳይነግራት፣ «አጭሩ ጎን ከአጭሩ ጎን ጋር እንዲገጥም አድርገህ እጠፍ» ብላ ጻፈች። ከዚያ «በታጠፈው በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች ብቻ» የሚል ጨመረች። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ምልክት፦ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ያነቡታል

ይህ ከአማርኛችን ጋር ይያያዛል። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ወረቀቱን ወስደህ፣ በማስመሪያ ለክተህ፣ መሃሉ ላይ አስምረህ፣ በመስመሩ ቆርጠህ ለጥፍ» ስንል አምስት ሥራ በአንድ ገመድ ታሰረ። ለጆሮ ያምራል። እየሠራ ለሚያነብ ልጅ ግን የደረሰበት ቦታ ይጠፋበታል። አንድ ሥራ፣ አንድ አራት ነጥብ ይሁን።

«ይታጠፋል»፣ «ይቆረጣል» የሚለውንም ቀንሱ። ማን እንደሚያጥፍ አይናገርም፤ በቡድን ሥራ ላይ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። «እጠፍ» ወይም «እጠፉ» በሉ፤ አንዱን ከመረጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት።

ማስጠንቀቂያ ከሥራው ይቅደም። «ሙጫውን ቀባ። ከመቀባትህ በፊት ግን ስምህን ከጀርባው ጻፍ» የሚለውን የሚያነብ ልጅ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ቀብቶ ጨርሷል። «ትንሽ ቁረጥ» ደግሞ «2 ሴንቲ ሜትር ቁረጥ» ይሁን። «በደንብ አድርቅ» ከማለት «ስትነካው ጣትህ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ጠብቅ» ይሻላል።

ምልክት፦ ሳያነቡ ይጀምራሉ

«መጀመሪያ ሁሉንም አንብቡ» ብሎ ጀምሮ፣ መጨረሻው ላይ «ከ1ኛው በቀር ምንም አትሥሩ» የሚል ወጥመድ ያለበት ፈተና አለ። አልወደውም። ልጁ መታለሉን እንጂ ማንበብን አይማርበትም። እርሳስ ያንሱ፣ ግሶቹን ያክብቡ፣ የጨረሱትን እርምጃ ራይት ያድርጉበት። ይኸው ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ አንድ ልጅ ብቻ ከቀረ

ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ ድምፃችሁ ይሰማው እንደሆነ ለብቻው ጠይቁት፤ ክፍል ፊት አይሁን። ወደ ፊት አምጥታችሁ አስቀምጡት። ካልተለወጠ ለወላጆቹ ንገሯቸው፤ ዓይኑና ጆሮው ይታይለት። የምታስተምሩበት ቋንቋ አፉን የፈታበት ካልሆነ ደግሞ ያንኑ ቃል ጮክ ብሎ መድገም ምንም አይጨምርለትም። አጠገቡ ተቀመጡና የመጀመሪያዋን እርምጃ በእጃችሁ ሠርታችሁ አሳዩት፤ ሁለተኛዋን እሱ ይሞክራት።