የጠበበው ጠጅ ሳር፦ በባልዲ ያደገ ሳር ተገንጥሎ እንደገና እንዴት ይተከላል?

በረንዳ ላይ በባልዲ የተተከለ ጠጅ ሳር በመጀመሪያው ዓመት ደስ ይላል። ይንዠረገጋል፤ ነፋስ ሲነካው ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ቅሬታ ያነሳል። «በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ግን ጫፉ ይደርቃል፤ ቅጠሉም ቀጠነብኝ» ይላል። ከዚያ ማዳበሪያ ይጨምርበታል። ሳሩ ግን ብዙውን ጊዜ የራበው ምግብ አይደለም። ቦታ ነው ያጣው።

ጠጅ ሳር ወደ ታች የሚወርድ አንድ ወፍራም ሥር የለውም። ያሉት ክር የመሰሉ ብዙ ሥሮች ናቸው። አዲስ አገዳ የሚያወጣውም በጎን በጎኑ ነው። መሬት ላይ ቢሆን እየሰፋ ይሄድ ነበር። ባልዲ ውስጥ ግን ግድግዳው ያግደዋል። ሥሩ ዙሪያውን እየተጠመጠመ የአፈሩን ቦታ ይወስዳል። ውሃ የሚይዝ አፈር ሲያልቅ ያጠጡት ውሃ በባልዲው ጎን ሾልኮ ከታች ይወጣል። መሃል ላይ ያሉት አሮጌ አገዳዎች ደግሞ ይደርቃሉ።

ለማረጋገጥ ባልዲውን ዘንበል አድርገው ከታች ይመልከቱ። ሥሩ በቀዳዳው በኩል ከወጣ ወይም ፕላስቲኩ በጎን ካበጠ ጊዜው ደርሷል። በደንብ ያደገ ሳር በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይህን ይፈልጋል።

መቼ ይሻላል?

ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። አየሩ ሞቅ ያለ ነው። ክረምቱ ሳይገባም ሳሩ አዲስ ሥር ይሰዳል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ያለማቋረጥ ሲወርድበት የተቆረጠ ሥር በቀላሉ ይበሰብሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠጅ ሳር ብርድ አይወድም።

ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖሩ ሰዎች የፀደዩ ውርጭ ጨርሶ እስኪያልፍ ቢጠብቁ ይሻላል። መፀው ላይ ደግሞ ውርጭ ሳይመታው ወደ ቤት ማስገባት ግድ ነው፤ ውርጭ ይገድለዋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ላሉት ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚጠበቀው ሙቀቱ እስኪበርድ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ናቸው።

ከባልዲው ማውጣት

ከአንድ ቀን በፊት በደንብ ያጠጡት። እርጥብ ሥር ከደረቀ ሥር ይልቅ ጉዳት ይችላል።

በማግስቱ ቅጠሉን ከአፈሩ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳል። አይሳሱ። ሥሩ ከተቆረጠ በኋላ ያን ሁሉ ቅጠል ውሃ ሊያጠጣው አይችልም። የቆረጡት ቅጠል ደግሞ አይባክንም፤ ጥላ ላይ አድርቀው ለሻይ ያስቀምጡት። የጠጅ ሳር ቅጠል ጠርዙ ስለታም ነው፤ እጅን ይሸረክታል። ጓንትና እጀ ረጅም ልብስ ያድርጉ።

ከዚያ ባልዲውን በጎኑ ያስተኙት። ወዲያና ወዲህ እያንከባለሉ ጎኑን በመዳፍዎ መታ መታ ያድርጉት። አገዳውን ይዘው አይጎትቱ፤ ይበጠሳል። እምቢ ካለ ረጅም ቢላዋ በባልዲውና በሥሩ መካከል ያዙሩ። አሁንም ካልወጣ ባልዲውን ይቅደዱት። የባልዲ ዋጋ ከሳሩ አይበልጥም።

መገንጠል

ሲወጣ ልክ የባልዲውን ቅርጽ ይዞ ነው የሚወጣው። ዙሪያውን በነጭና በክሬም ቀለም ሥር ተጠቅልሎ አፈሩ አይታይም። ይህ ጤናማ ነው። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚሟሽሽና የሚገማ ሥር ካገኙ ግን ቆርጠው ይጣሉት።

የሥሩን ጥቅልል ለአንድ ሰዓት ያህል ሳፋ ውስጥ ውሃ ላይ ያስቀምጡት። ይላላል። ከዚያ በጣትዎ ለመፈልቀቅ ይሞክሩ። በጣም ከጠጠረ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላዋ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል። ከላይ፣ ከአገዳዎቹ መካከል ጀምረው ወደ ታች ይቁረጡት።

አሁን ምርጫው ላይ ይጠንቀቁ። የመሃሉ ክፍል ወፍራም ስለሆነ ዓይን ይስባል፤ ግን አሮጌው እሱ ነው። አገዳውን ጫን ሲሉት ባዶና ደረቅ ይሆናል። እሱን ለብስባሽ ይተዉት። የሚተከለው ከዳር ያለው ነው፦ ከሥሩ በኩል ነጣ ወይም ወይን ጠጅ ያለ፣ ሲጨብጡት ጠንካራ የሆነ አገዳ። ለአንድ መትከያ ከ3 እስከ 5 አገዳ ከነሥሩ ይበቃል። አንድ የተጨናነቀ ባልዲ ጎረቤት የሚያዳርስ ችግኝ ይወጣዋል። የረዘመውን ሥር በመቀስ አሳጥረው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስቀሩ።

መትከያውና አፈሩ

ለትንሽ ችግኝ ትልቅ በርሜል አይስጡት። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ መበስበስ ይመጣል። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መትከያ ይበቃዋል። የቀለም ባልዲም ይሆናል፤ በደንብ ይታጠብ፣ ከታች ደግሞ ጣት የሚያስገቡ 4 ወይም 5 ቀዳዳዎች ይኑሩት። ሸክላ ከመረጡ ቶሎ እንደሚደርቅ አይርሱ። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ክብደቱም ይታሰብበት፤ እርጥብ አፈር የሞላው 20 ሊትር ባልዲ ከ25 ኪሎ አያንስም።

ከታች ጠጠር መደርደር የተለመደ ነው። እኔ አልመክረውም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ረጥቦ ይቀራል። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ የወንፊት መረብ በቂ ነው።

አፈሩ ላይ ግን አይቆጥቡ። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የታጠበ አሸዋ ያዋህዱ። ጥቁር አፈር ብቻውን ለመትከያ አይሆንም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሥር ይበጥሳል። ትኩስ ፍግም ሥር ያቃጥላል። ፍጉ ጠቁሮ፣ ፈርፈር ብሎ፣ ሽታው ጠፍቶ የአፈር ሽታ ካመጣ ደርሷል።

መትከልና መንከባከብ

መትከያውን እስከ ግማሽ ይሙሉ። ችግኙን መሃል ላይ ያቁሙ። ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ልክ ይሁን። ጠልቆ ከገባ የአገዳው ሥረ መሠረት ይበሰብሳል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ይንገዳገዳል። ዙሪያውን አፈር እየሞሉ በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉት፤ ባዶ ኪስ እንዳይቀር። ከላይ ለውሃ የሚሆን 3 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ከዚያ ከታች እስኪወጣ ድረስ ያጠጡት።

ለአንድ ሳምንት ያህል ከቀጥተኛ ፀሐይ ያርቁት። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ቅጠል ቢደርቅ አይደንግጡ። ከመሃል አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ካለ ይዟል። ያኔ ወደ ሙሉ ፀሐይ ያውጡት። ውሃ የሚያጠጡት ጣትዎን አስገብተው ላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ነው። ማዳበሪያ እስከ አንድ ወር ድረስ አያስፈልገውም፤ ኮምፖስቱ ይበቃዋል። ለሻይ የሚሆን ቅጠልም አዲሱ አገዳ እስኪጠነክር አይቁረጡበት።

ለጌጥ የሚተከሉ ሌሎች ሳሮችም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይገነጠላሉ። ላባ የመሰለ ነጭ ራስ የሚያወጣው ፔኒሴተም ቪሎሰም አንዱ ነው። ኢትዮጵያ የትውልድ ቦታው ናት፤ አውሮፓ ውስጥ ግን ለአትክልት ቦታ በገንዘብ ይገዛል። እሱን አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ይገንጥሉት፤ አበባ ላይ እያለ አይንኩት።

ሲገነጥሉ ሥር ሳይኖራቸው የተላቀቁ አገዳዎችም ይኖራሉ። ጠንካራ ከሆኑና የሥረ መሠረታቸው ጉብታ ካልተቆረጠ አይጣሉ። ጥቂት ውሃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ አቁመው መስኮት ላይ ያስቀምጧቸው። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣሉ፤ ሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በዚያው አፈር ይትከሏቸው።