ፈሪዋ ውሻ በመጨረሻ ቤት አገኘች

መጠለያው ውስጥ 7 ወር ቆየች። ሰው በመጣ ቁጥር ጥግ ላይ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ጎብኚዎች "ስታሳዝን!" ይሉና ወደሚዘሉት ቡችሎች ያልፋሉ።

ስህተቱ የእኛ ነበር። ማስታወቂያዋ ላይ "ፍቅር የተራበች" ብለን ጽፈን ነበር። ይህን አምነው የወሰዷት ሰዎች በ4ኛው ቀን መለሷት። አልፈርድባቸውም።

ከዚያ እውነቱን ጻፍኩ፦ "ለሳምንታት ሰው እንዲነካት ላትፈቅድ ትችላለች። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት አይሆናትም። ረጋ ያለ ሌላ ውሻ ቢኖር ግን ደስ ይላታል።" የደዋዩ ቁጥር ቀነሰ። የደወሉት ግን የምንፈልጋቸው ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

አንዲት እናት መጡ። ጎናቸውን ሰጥተው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። አላፈጠጡባትም፣ እጃቸውንም አልዘረጉም። አልፎ አልፎ ቁራጭ ዶሮ ጣል ያደርጉላታል፣ በቃ። በ3ኛው ቀን አንገቷን አስግጋ ጫማቸውን አሸተተች። ሆዷ ሥር ተወትፎ የኖረው ጅራቷ ትንሽ ወጣ አለ። እንባዬ መጣ።

ከመውሰዳቸው በፊት ጸጥ ያለ ክፍልና መደበቂያ አዘጋጁላት። መጀመሪያ አካባቢ እንግዳ እንዳይበዛባትም ተስማማን። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነገርኳቸው፦ ግቢ ውስጥም ቢሆን ያለ ገመድ እንዳይለቋት። የደነገጠ ውሻ አንዴ ካመለጠ፣ የሚወደው ሰው ቢጠራው እንኳ ላይመጣ ይችላል።

ትናንት ቪዲዮ ላኩልኝ። ሶፋው ሥር ሳይሆን ሶፋው ላይ፣ በጀርባዋ ተንጋላ ተኝታለች።