ፎርት ላራሚ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዴንቨርና አውሮራ ላላችሁ፣ ሰመር ሲመጣ «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል ብትነዱ ዋዮሚንግ ውስጥ ፎርት ላራሚ የሚባል የድሮ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አለ። ጦሩ በ1849 ገዝቶት በ1890 ጥሎት ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው ይሄድና «በቃ ይሄው ነው?» ብሎ ይመለሳል። ጥፋቱ ግን የቦታው አይደለም።

ላራሚ ከተማ መሄድ

ጂፒኤሱ ላይ «ላራሚ» ብቻ ካላችሁ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ ያደርሳችኋል። እዚያ ምሽግ የለም። ትክክለኛው ቦታ ከዚያ ወደ ሁለት ሰዓት ይርቃል። ስሙን ከነ«ፎርት»ነቱ ጻፉ።

አጥር መፈለግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፊልም ያስለመደን በሹል ግንድ የታጠረ፣ ማማና ትልቅ በር ያለው ግቢ ነው። ከጦሩ በፊት እዚህ የነበሩት የቆዳ ነጋዴዎች እውነትም አጥረው ነበር፤ መጀመሪያ በግንድ፣ ኋላ በጭቃ ጡብ። ጦሩ ሲገባ ግን አጥር ይሠራ ቢባልም ወጪው ከበደና ቀረ። በምዕራቡ ከነበሩት ሰፈሮች ብዙዎቹም እንዲሁ ክፍት ነበሩ።

ስለዚህ አጥሩን ተዉትና መሀል ያለውን የሰልፍ ሜዳ ፈልጉ። ሕንፃዎቹ ዙሪያውን ነው የተሠሩት። የመኮንኖቹ ቤቶች በረንዳቸውን ይዘው ለብቻ ተሰልፈዋል። የተራ ወታደሩ ረጅም ማደሪያ ሌላ ቦታ ነው። ሜዳው ላይ ቆማችሁ ዞር ዞር ብትሉ ማን የማን አለቃ እንደነበር ነጋሪ አያሻችሁም።

ኦልድ ቤድላም ጋ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ

በ1849 የተሠራው ይህ ነጭ ባለፎቅ ቤት የላጤ መኮንኖች መኖሪያ ነበር። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን በ1874 የተሠራውን የፈረሰኞች ማደሪያ ሳታዩ አትሂዱ። ፎቁ ላይ አልጋዎች በተርታ ተደርድረዋል። አንድ ሻምበል ሙሉ፣ ስልሳ ያህል ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። ራስጌው ላይ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ግርጌው ላይ ሳጥን፤ የአንድ ወታደር «የኔ» የሚለው ቦታ ይሄ ብቻ ነው።

ከዚያ በ1866 የተሠራውን የዘብ ቤት ምድር ቤት እዩ። እስረኞቹ የሚያድሩበት ነው። አልጋ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

«ሲዋጉ ነበር የኖሩት» ብሎ ማሰብ

አብዛኛው ቀን ጉልበት ሥራ ነበር። መለከት ሲነፋ ይነሣሉ፣ መለከት ሲነፋ ይበላሉ፣ መለከት ሲነፋ ይተኛሉ። በመካከሉ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ፈረስ ያጸዳሉ፣ ጣሪያ ይጠግናሉ፣ ክረምት ላይ ከወንዝ በረዶ ቆርጠው ያከማቻሉ። የአትክልት ቦታም ነበራቸው፤ አትክልት ካልበሉ ድዳቸው ይደማል፣ ጥርሳቸው ይረግፋል።

ቀለቡ ባቄላ፣ ቡና፣ ጨው የገባበት የአሳማ ሥጋና በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ዳቦ ነው። ትኩስ ዳቦ ለሆድ አይስማማም ይባል ስለነበር የሚታደለው ያደረው ነው። ዳቦ ቤቱ እዚያው እያለ፣ ሽታው እያወዳቸው! ወጥ ሠሪውም በተራ የሚመደብ ወታደር እንጂ የሰለጠነ ሰው አልነበረም።

ደመወዙስ? ከ1871 ጀምሮ ለተራ ወታደር በወር 13 ዶላር። ከ1867 እስከ 1891 በመላው ጦር ከተቀጠሩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከድተው የጠፉት ለምን እንደሆነ ከዚህ መገመት አይከብድም።

የወንድ ሰፈር አድርጎ ማየት

የመኮንኖች ሚስቶችና ልጆች ነበሩ። ልብስ አጣቢ ሴቶችም ነበሩ፤ እነሱን ጦሩ ራሱ ያውቃቸዋል። ለአንድ ሻምበል እስከ አራት ይፈቀዳል፣ ቀለብ ይሰጣቸዋል፣ የአጠባውን ሒሳብ ወታደሩ ይከፍላል። ይህ ቀለብ በ1878 በወጣ ሕግ እንዲቀር ተወሰነ። ቤታቸው ከሜዳው ራቅ ያለ ስለነበር ጎብኚ አያስታውሳቸውም።

የአገሩን ባለቤቶች ከውጭ እንደመጣ ጠላት ማየት

የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ላኮታዎቹ ለንግድ እዚህ ይመጡ ነበር፤ ድንኳን ተክለው በአቅራቢያው የሚኖሩ ቤተሰቦችም ነበሩ። ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የ1868ቱ ውል የተፈረመው እዚህ ነው፤ ብላክ ሂልስ የሚባለው ተራራማ አገር የላኮታ ሆኖ እንዲቀር ተስማሙ። በ1874 እዚያ ወርቅ ተገኘ፤ በ1877 መሬቱ ተወሰደ። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሳ ይገባቸዋል ብሎ ቢፈርድም፣ ላኮታዎቹ «መሬታችንን እንጂ ገንዘብ አንፈልግም» ብለው አልወሰዱም።

ስትወጡ ደግሞ በ1875 ሰሜን ፕላት ወንዝ ላይ የተሠራውን የብረት ድልድይ ሳታዩ አትሂዱ። መኪናውን ጎን አቁማችሁ በእግር ተሻገሩት። ከሻየን ከተማ ተነሥተው ወደ ብላክ ሂልስ የጎረፉት ወርቅ ፈላጊዎች በሱ ላይ ነው ያለፉት።